ከጎማው በታች ያለው መንገድ

ፎቶግራፍ አይዋሽም ይባላል። ይሁን፣ አይዋሽ፤ ግን ዝም ይላል። ዝምታው ደግሞ አንዳንዴ ከሐሰት ይልቅ ያሳስታል። ይህን ያስባለኝ ተራ ሰዎች በዝናብም በበረዶም ብስክሌት ሲነዱ የሚያሳየው፣ ከአውሮፓ ከተሞች የሚመጣልን የፎቶግራፍ ዓይነት ነው።

ይህን ዓይነት ፎቶግራፍ ለዓለም ካስተዋወቁት ዋነኛው የኮፐንሃገኑ ሚካኤል ኮልቪል-አንደርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 አንድ ማለዳ፣ ጉርድ ቀሚስና ቦት ጫማ ያደረገች ሴት ከነብስክሌቷ ትራፊክ መብራት ላይ ሳለች አነሳት። ከዚያ በኋላ ጃንጥላ የያዙ፣ ካፖርት የደረቡ፣ ልጅ ያፈናጠጡ ብስክሌተኞችን ሲያነሳ ቆይቶ፣ በ2012 «ሳይክል ሺክ» በተባለ መጽሐፍ አሳተማቸው።

የእነዚህን ሥዕሎች ዋጋ ለመረዳት ከአንድ የቀድሞ ሥራ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ-ብሬሶን በ1932 ኢየር በተባለች ከተማ ከደረጃ አናት ላይ ሆኖ ያነሳው ብስክሌተኛ ዝነኛ ነው። ደረጃው ተጠማዞ ይወርዳል፤ ሰውየው ከታች ሽው ብሎ ያልፋል፤ መልኩ አይለይም። ውበቱ ድንቅ ነው። ሰውየው ግን ለደረጃው የሚስማማ ቅርጽ ከመሆን አያልፍም። የኮፐንሃገኗ ሴት ሰው ናት። የስፖርት ልብስ አልለበሰችም፤ ከማንም ጋር አልተሽቀዳደመችም። ብስክሌት የስፖርተኛ ወይም መኪና መግዣ ያጣ ሰው ዕቃ ነው ለሚል ተመልካች ይህ ትልቅ መልስ ነው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ካሜራው ፊትና ልብስ ላይ ስለሚቀር፣ ተመልካቹ የሚያደንቀው የነጂዋን ብርታትና ሽቅርቅርነት ነው። እስቲ በበረዶ ቀን የተነሳ አንድ ሥዕል ስታገኙ ከጎማው በታች ተመልከቱ! ግራና ቀኙ ነጭ ሆኖ የብስክሌቱ መንገድ ጥቁር ነው፤ ተጠርጓል። ኮፐንሃገን በረዶ ሲወርድ ለዋና ዋና የብስክሌት መንገዶች ቅድሚያ ሰጥታ ታስጠርጋለች። ኖሬብሮጋዴ በተባለው ጎዳና ደግሞ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌተኛ አረንጓዴ መብራት እየተቀበለው እንዲያልፍ ተደርጓል። ከፊንላንድ ከኡሉ ከተማ የሚመጡት፣ በረዶ የለበሱ ብስክሌቶች የተደረደሩባቸው የትምህርት ቤት ግቢ ፎቶግራፎችም ስለ ልጆቹ ጥንካሬ እንጂ ስለ ጠራጊው መኪና አይነግሩንም።

ይህ ዝምታ ጉዳት አለው። እኛ እዚህ ሆነን ሥዕሉን እናይና «የፈረንጅ ልማድ ነው» ብለን ገጹን እንገልጣለን። ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሆላንዶች ባልታገሉለት! በ1971 በአገራቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ እጥረት ሲመጣም መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡ ባዶውን መንገድ በዓይኑ አየ። ዛሬ በአምስተርዳም ዝናብ እየሳቀች የምትነዳው እናት የምትሄደው በዚያ ትግል በተገኘ መንገድ ላይ ነው።

ፎቶግራፍ የመንገዶች ባለሥልጣን ዘገባ አይደለም የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው። እኔም የምጠይቀው ካሜራው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንዲል ብቻ ነው፤ ጠርዙ፣ መብራቱ፣ የጠራጊው አካፋ በሥዕሉ ይግቡ።

በብስክሌት ስሟ የታወቀው ባሕር ዳር ክረምት ይገባል፤ ዝናብ ይወርዳል። ከእኛ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ካሜራውን ይዞ እዚያ ቢወርድ፣ የነጂውን ፊት ያንሳ፤ ግን ጎማው የረገጠውን ጭቃ ወይም አስፋልት ቆርጦ አይጣልብን። ሥዕሉን ካየነው መካከል ከንቲባም ሊኖር ይችላል።