በሚሰማ ቋንቋ

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚያስተዳድሩት የላሳል ወንድሞች ካህናት አይደሉም፤ አይቀድሱም፣ ሥራቸው ማስተማር ነው። ማኅበሩን የመሠረተው በፈረንሳይ የሬምስ ተወላጅ የሆነው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል (1651–1719) ነው። የባለጸጋ ቤተሰብ ልጅና ካህን ነበር፤ በረሃብ ዘመን ሀብቱን ለድሆች ዳቦ አድርጎ ጨረሰው።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ከምጽዋቱ ይልቅ የመማሪያ ክፍሉ ነው። በዚያ ዘመን ልጅ ንባብ የሚጀምረው በማይሰማው ላቲን ነበር። (ዳዊት በግዕዝ የደገመ የኛ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።) ደ ላ ሳል በፈረንሳይኛ አስጀመረ፤ የድሃ ልጅ ትምህርቱን ቶሎ ቢያቋርጥ እንኳ የሚያነበው ይገባዋል። ተማሪዎችን አንድ በአንድ ከማስቀጸልም በደረጃ ከፋፍሎ በአንድነት ማስተማርን መረጠ። መምህሩ አይጮህም፤ በእጁ የያዛትን ትንሽ መሣሪያ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጋት፣ የሚያነበው ልጅ የሳተውን ቃል ያርማል።

በትር ጨርሶ አልቀረም፤ የትምህርት ቤቶቹ ደንብ ቅጣትን ይገድባል እንጂ አይከለክልም። ያም ሆኖ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበትን ምክንያት ሲዘረዝር ጥፋቱን በልጁና በወላጁ ላይ ብቻ አይጥልም፤ የመምህሩንም ጠባይ ይመረምራል።