በክላውድ አስቀድሞ የተያዘን የኮምፒዩተር ቦታ ስለ መካፈል፤ አጭር ሒስ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ አንድ ድርጅት በክላውድ ኩባንያ ዘንድ አስቀድሞ ያስያዘውን የኮምፒዩተር ቦታ ከሌሎች አካውንቶች ጋር የሚካፈልበትን ሥርዓት ነው። ክላውድ የሚባለው አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ፣ ኮምፒዩተር ገዝቶ በግቢ ከማቆም ይልቅ ከትልቅ ኩባንያ በሰዓት ወይም በሰከንድ ሒሳብ መከራየት ማለት ነው። ለምርመራችን የመረጥነው ኢሲቱ የተባለውን የአማዞን አገልግሎት ነው፤ ይኸውም እንደ አዲስ የተነሣው የኪራይ አሠራር በ2006 በርሱ ስለ ታወቀና ደንቡም ተዘርዝሮ ለሁሉ ስለሚገኝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጥያቄዎቻችን ሁለት ናቸው፤ ቦታው ሲጣበብ ማን ይቅደም? ባዶ ሲውልስ ማን ይክፈል?

በመጀመሪያ ቦታ ማስያዝ ለምን እንዳስፈለገ እናስረዳ። ተከራዩ ኮምፒዩተር በፈለገ ጊዜ ሁሉ ያገኛል ቢባልም፣ ይህ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ የተፈለገው ዓይነት በተፈለገው ዞን ካለቀ ጥያቄው ተቀባይነት ያጣል። ስለዚህ አማዞን በ2018 ካፓሲቲ ሪዘርቬሽን የተባለውን አገልግሎት አወጣ። በዚህም መሠረት ደንበኛው የኮምፒዩተሩን ዓይነት፣ ዞኑንና ቁጥሩን ገልጾ ቦታ ያስይዛል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ቢሠራበት ባይሠራበት የተለመደውን ዋጋ ይከፍላል። በተከታዩ ዓመት በ2019 ደግሞ ይህ የተያዘ ቦታ ለሌሎች አካውንቶች እንዲካፈል ተፈቀደ። ዛሬ አንድ ድርጅት፣ የአንዱ ክፍል ስሕተት ሌላውን እንዳይነካና የእያንዳንዱም ወጪ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ ለየክፍሉ የተለየ አካውንት መክፈቱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ ፈቃዱ በተገቢው ጊዜ የመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚያደባልቋቸውን ሁለት ነገሮች መለየት ይገባናል። ከ2009 ጀምሮ የሚታወቀው ሪዘርቭድ ኢንስታንስ በዋናው ጠባዩ የዋጋ ቅናሽ ነው፤ ደንበኛው ለአንድ ወይም ለሦስት ዓመት ቃል ይገባል፣ ኩባንያውም ዋጋ ይቀንስለታል። ሒሳባቸው በአንድነት በሚከፈል አካውንቶች መካከል ቅናሹ ሲካፈል፣ በተለመደው ደንብ አስቀድሞ ለገዢው አካውንት ይደርሳል፤ ከርሱ የተረፈው ወደ ሌሎቹ ይፈሳል። የምንነጋገርበት ካፓሲቲ ሪዘርቬሽን ግን ቅናሽ ሳይሆን ራሱ ቦታው ነው። እንግዲህ አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ በገንዘቡ ረገድ የቅድሚያ ተራ በግልጽ ተወስኗል፤ በቦታው ረገድ ግን እንደዚህ ያለ ተራ የለም። የሒሳችን ሥር ከዚህ ላይ ነው።

መልካም ጎኑን ሳንናገር ብናልፍ ግን ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ሦስት ክፍሎች በየበኩላቸው ዐሥር ዐሥር ኮምፒዩተር የሚያስፈልጋቸው በተለያዩ ሳምንታት ነው እንበል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢያስይዝ ድርጅቱ ሠላሳ ቦታ ይከፍላል፤ ቢካፈሉ ግን ዐሥሩ ለሦስቱም ይበቃል። ደግሞም ተካፋዩ በቦታው ላይ ያስነሣውን ኮምፒዩተር ኪራይ የሚከፍለው ራሱ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ የሌላውን ሥራ ወጪ አይሸከምም። ከዚህም በላይ ባለቤቱ እያንዳንዱ አካውንት ስንት ቦታ እንደ ያዘ ማየት ይችላል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት የቅድሚያ ነገር ነው። ቦታው «ክፍት» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ከተካፋዮቹ አንዱ ተመሳሳይ ዓይነት ኮምፒዩተር በዚያው ዞን ባስነሣ ጊዜ፣ ሳያስበውም እንኳ ቢሆን በተያዘው ቦታ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ቦታው «በስም የሚጠራ» ከሆነ ግን ስሙን ጠቅሶ ለሚመጣ ብቻ ይፈቀዳል። ሁለተኛው መንገድ ሳይታወቅ መግባትን ይከለክላል፤ ነገር ግን ስሙን ከሚያውቁት መካከል ማን መቅደም እንዳለበት አይናገርም። በሁለቱም መንገድ የሚያሸንፈው ቀድሞ የደረሰ ነው።

ለምሳሌ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ለምዝገባ ሳምንት ዐሥር ቦታ አስይዞ፣ እስከዚያው ባዶ እንዳይውል ለፊዚክስ ክፍል አካፈለ እንበል። የፊዚክስ ክፍል ብዙ ቀን የሚፈጅ ስሌት ጀምሮ ዐሥሩንም ይዟል። የምዝገባው ጧት ሬጅስትራሩ ሲመጣ ቦታው ሞልቶ ያገኘዋል፤ ባለቤት መሆኑም አይረዳውም፤ በተለመደው መካፈል የተካፋዩን ኮምፒዩተር ለማቆም ሥልጣን የለውምና። ያለው ዕድል ካልተያዘው የጋራ ገበያ መሞከር ነው፤ ቦታ ያስያዘው ግን ይህን ላለማድረግ ነበር። በዚያ ጧት በር ላይ የሚሰለፉት ተማሪዎች፣ የተጠሩበት አገልግሎት ለምን እንዳልሠራ የሚነግራቸው አያገኙም።

ይህ ችግር መፍትሔ የሌለው ቢሆን ኖሮ ባልወቀስነው ነበር። ነገር ግን ከግማሽ ምእት ዓመት በፊት ታስቦበት ነበር። በ1969 በኤም.አይ.ቲ. ለተጠቃሚዎች አገልግሎት መስጠት የጀመረው መልቲክስ፣ ተጠቃሚዎቹን በቡድን መድቦ ለየቡድኑ የተረጋገጠ የቦታ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ከቁጥሩ በላይ የመጣ ሰው ቦታ ከተገኘ ይገባል፤ ባለተራው ቡድን በመጣ ጊዜ ግን እንዲለቅ ይደረጋል። ስለዚህ ባዶው ቦታ ሳይባክን የባለመብቱም ተራ ይጠበቅ ነበር። በአገራችንም ከአንድ ወንዝ በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ተራውን የሚያስከብር የውሃ አባት የሚመርጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃው የጋራ መሆኑ ብቻ እርሻን አያጠጣም።

ሁለተኛው ጉድለት ባዶ የዋለውን ቦታ ይመለከታል። ዐሥሩ ቦታ በአንድ ቀን 240 ሰዓት ይሆናል። አንዱ ተካፋይ በስድስት ኮምፒዩተር ዐሥር ሰዓት፣ ሌላው በአራት ኮምፒዩተር አምስት ሰዓት ቢሠሩ፣ ድምሩ 80 ሰዓት ነው። የቀረው 160 ሰዓት፣ ማለት ከሦስቱ እጅ ሁለቱ፣ በባለቤቱ ሒሳብ ላይ ይወድቃል። ተካፋዩ በፈለገ ጊዜ የሚገባበት በር ተከፍቶለት ሲኖር፣ በሩን ክፍት አድርጎ ለማቆየት የሚወጣውን ዋጋ አይጋራም። ምንም እንኳ በኋላ የወጣ ደንብ፣ በአንድ ድርጅት ሥር ያለ ሌላ አካውንት ፈቅዶ ከተቀበለ ባዶ የዋለው ሒሳብ ወደርሱ እንዲዛወር ቢያደርግም፣ ይህ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረው እንጂ ለተካፋዮቹ እንደየድርሻቸው አላከፋፈለውም።

ሦስተኛው ጉድለት መካፈሉ ሲቋረጥ የሚታይ ነው። ባለቤቱ በሸክሙ ተማርሮ ፈቃዱን ቢያነሣ፣ በሥራ ላይ ያሉት የተካፋዩ ኮምፒዩተሮች አይጠፉም፤ ከተያዘው ቦታ ውጭ ሆነው መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ይህ ለተካፋዩ ቸርነት ነው። ለባለቤቱ ግን ደንቡ የሚለው፣ ቦታው የሚመለስለት ኩባንያው በዚያ ጊዜ ትርፍ አቅም ካለው ነው። እንግዲህ ባለቤቱ መብቱን በአንድ ቃል ያነሣል፤ ቦታውን ግን በዚያው ቃል መልሶ አያገኝም። ተካፋዩም በበኩሉ ነገ እንደሚፈቀድለት የሚያረጋግጥለት ነገር የለውም። ሁለቱም ዋስትና ያላቸው መስሏቸው ሲኖሩ፣ ችግር በመጣ ቀን ሁለቱም እንደሌላቸው ያውቃሉ።

ከነዚህ ያነሰ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያሳስት ሌላ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ሬጅኖች የዞኖቹ የፊደል ስም በየአካውንቱ የተለያየ ስለ ሆነ፣ የአንዱ «ሀ» የሌላው «ለ» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተካፋዮች ሲነጋገሩ በፊደሉ ሳይሆን ለሁሉ አንድ በሆነው የዞን መለያ ቁጥር መጠቀም አለባቸው።

ምናልባት «የቅድሚያ ሕግ ማውጣት የየድርጅቱ ፋንታ እንጂ የኩባንያው ሥራ አይደለም» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛም በከፊል እንስማማለን፤ የሬጅስትራሩንና የፊዚክስ ክፍሉን ክብደት ኩባንያው ሊመዝን አይችልም። ሆኖም ሕግ የሚያወጣ ሰው የሚያስፈጽምበት መሣሪያ ያስፈልገዋል። በተለመደው መካፈል በባለቤቱ እጅ ያለው ቀላል መንገድ ዐሥሩን ቦታ ከፋፍሎ ለየአካውንቱ ለብቻው መስጠት ነው፤ ይህ ደግሞ ተራውን ቢያስከብርም የመካፈሉን ጥቅም ያጠፋል፤ የአንዱ ባዶ ቦታ ለሌላው አይደርስምና። ወይ ትርፍ ያለ ዋስትና፣ ወይ ዋስትና ያለ ትርፍ እንዲመርጥ ተገድዷል።

በጠቅላላው ስንመለከተው ሥርዓቱ በአካውንቶች መካከል ያለውን ግድግዳ በማፍረስ መልካም አድርጓል፤ ከግድግዳው በኋላ ለሚነሣው ክርክር ግን ዳኛ አላቆመም። መካፈል የሚለው ስም የሚያሟላው፣ መግቢያው ብቻ ሳይሆን ተራውና ዕዳውም አብረው ሲካፈሉ ነው። እስከዚያው ድረስ ቦታ የሚካፈሉ ክፍሎች ሦስት ነገር በጽሑፍ ቢወስኑ ይሻላል እንላለን፤ ይኸውም በየትኛው ሳምንት ማን እንደሚቀድም፣ ባለተራው ሲመጣ ሌላው በስንት ሰዓት እንደሚለቅ፣ ባዶ የዋለውንም ሒሳብ በምን ድርሻ እንደሚከፍሉ። ቦታውንም በስም የሚጠራ አድርገው ይመዝግቡት፤ አጠቃቀሙንም በየቀኑ የሚመለከት አንድ ኃላፊ ይሹሙ። መኪናው የማይዳኘውን ሰው አስቀድሞ ሊዳኘው ይገባል፤ የምዝገባው ጧት ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ለተሰለፈው ተማሪ አይጠቅመውም።