ጽሑፉን በእጅ ሸፍኖ ማየት

ልጅ ሆኜ ቀየት ለበዓል ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ዓይኔ የሚቀረው የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነበር። ከሥዕሎቹ ራስጌ በግዕዝ የተጻፈውን አላነበውም፤ ባነበውም አይገባኝም። ማን ደግ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ግን ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር። ቅዱሳኑ ፊታቸውን ሙሉ ሰጥተው በሁለት ዓይን ያዩናል። ሰይጣንና ገራፊዎቹ በጎን የተሳሉ ናቸው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የቆየ ልማድ ነው። ሠዓሊው አንድ ዓይን ቀነሰ፣ ፍርዱን ሰጠ፣ አለቀ።

ይኼን ያመጣሁት ስለ ካርቱን ላወራ ነው። በጋዜጣና በመጽሔት ጥግ ስለሚወጣው የቀልድ ካርቱን። ስለ ፖለቲካው አይደለም፤ እሱ ወዳጅም ጠላትም ስላለው ቢያንስ የሚያየው ሰው አያጣም። የቀልዱ ግን ማሟያ ነው። ጽሑፉ አልቆ ገጹ ላይ ክፍት ቦታ ሲቀር «እስቲ አንድ ካርቱን ጣል አድርግበት» የሚባልለት።

ካርቱን ሳይ አንድ ልማድ አለኝ፤ ጽሑፉን በእጄ እሸፍነዋለሁ። ከዚያ የቀረው ምንድን ነው? የአብዛኞቹ የእኛ ካርቱኖች ፈተናውን ይወድቃሉ። ሆዱ የገፋ አለቃ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፣ ፊቱ አንድ ቀጭን ሠራተኛ ቆሟል፣ በላያቸው የሰፈርን ቤት የሚያህል አረፋ ተንጠልጥሎ አራት መስመር ወሬ ተሞልቶበታል። ቀልዱ ያለው ወሬው ውስጥ ነው። ሥዕሉን አንስተህ በስልክ ብታወራው ምንም አይጎድልበትም፣ እንዲያውም ያምራል። የሰምና ወርቅ አገር ሰዎች ስለሆንን ሳቃችን ቃል ላይ ይደገፋል የሚል አለ። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልድ በአፍ ነው የመጣልን፤ እውነት ነው። ግን ግድግዳው ላይ ያለው አንድ ዓይንም የእኛው ነው። ስለዚህ ይኼ ምክንያት ብዙም አይዋጥልኝም። ጥፋቱን የምፈልገው ሠዓሊው በሚሠራበት ሁኔታ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት ለተለያዩ መጽሔቶች የሣለ አንድ ወዳጅ አለኝ። አንድ ጊዜ ያመጣው ሥዕል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ቦኖ ውሃ ፊት ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ባለቤቶቹ ወረፋ ይዘው ሄደዋል፣ አንድም ሰው የለም። ቧንቧው ደርቋል። በመንገዱ የውሃ ቦቴ ያልፋል፤ ጀሪካኖቹ በሙሉ አፋቸውን ወደ ቦቴው አዙረዋል፣ ሰው አንገቱን እንደሚያዞር። አንድ ቃል የለበትም። የጀሪካኖቹ አንገት ብቻ ነው የሚያወራው።

አዘጋጁ አየውና «ምንም አልተጻፈበትም እኮ!» አለ። ሥዕሉ ሲታተም ከፊተኛው ጀሪካን አፍ አረፋ ወጥቶ ነበር፦ «ይቺም አለፈችን!» ወዳጄ ለዚያ ሥዕል የተከፈለው የታክሲና የምሳ ነው፤ ስሙም አልወጣም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቀልዱ ከቢሮ ተጽፎ ይሰጠዋል፣ «እስከ ማታ ሣልልን» ተብሎ። ሐሳቡ የሌላ ሰው ከሆነ እሱ ምን ሊያደርግ ይችላል? የተባለውን ይሥላል። ሆዱ የገፋው አለቃ የሚወለደው እዚህ ነው።

ሌላ አገር ያለው ሁሉ ገነት ነው ማለቴ አይደለም። በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው ኒው ዮርከር መጽሔት ካርቱኒስቶቹን በየሳምንቱ አሥር ያህል ንድፍ ያስመጣል፤ አንዱ ከተገዛ ዕድል ነው። በኋላ የካርቱን አርታኢው የሆነው ቦብ ማንኮፍ በ1977 የመጀመሪያውን ከመሸጡ በፊት ወደ 2000 የሚጠጉ እንደተመለሱበት ተናግሯል። ጨካኝ ነው። ግን የሚመልስ ሰው አለ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ሰው እዚያው ወንበር ላይ ይጠብቅሃል። የእኛ ሠዓሊ ያጣው ይኼንን ነው።

ወንበሩ ራሱ የት ቆየና! በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቅድመ ምርመራን ሲያስቀር ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን ፈላ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ። እንደገና ሲያንሰራሩ፣ በ2006 ክረምት አዲስ ጉዳይን፣ ፋክትን፣ ሎሚን፣ ጃኖንና እንቁን የፍትሕ ሚኒስቴር እከሳለሁ አለ። አንድ መጽሔት ሲዘጋ ስለ ጋዜጠኞቹ ይወራል፤ መወራትም አለበት። የመጨረሻው ገጽ ላይ ይሥል የነበረውን ሰው ግን ማን ይጠይቀዋል? የቀልድ ካርቱን ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። አንባቢና ሠዓሊ ዓመት ሁለት ዓመት ሲተያዩ ነው የአንዱ መስመር ለሌላው የሚገባው፤ ያኔ ነው አረፋው የሚቀለው። በየሁለት ዓመቱ ከዜሮ የሚጀምር ሠዓሊ ሁሉንም ማስረዳት አለበት፣ ስለዚህ ይጽፋል፣ ያብራራል።

ወዳጄ አሁን የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ የልጆች መማሪያ ሥዕልም ይሠራል። ጥሩ ይከፈለዋል፣ ይኼን አልነፍገውም። በፋሲካ ሰሞን አግኝቼው ከኪሱ ደረሰኝ አውጥቶ ጀርባውን አሳየኝ። የበግ ገበያ ነው። ገዢው ጎንበስ ብሎ የአንድ መንዜ በግ ሽንጥ ይዳብሳል፤ በጉ ደግሞ ቀጥ ብሎ ቆሞ በፊት እግሩ የሰውየውን ኪስ ይዳብሳል። እየሳቅሁ፣ አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ «ከሥሩ ምን ልትጽፍበት ነው?» አልኩት።