«ላጥፋልዎት?»

«ጋሼ፣ ላጥፋልዎት?» አለኝ ወጣቱ መካኒክ።

ባሕር ዳር ነው፤ ከሐይቁ ዳር ብዙም የማይርቅ ጋራዥ። መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2003 ሥሪት ኮሮላ ናት። ጠዋት ቁልፍ ሳዞር ያቺ የሞተር ቅርጽ ያላት ብጫ መብራት በራች፤ ሞተሩ ከተነሣም በኋላ አልጠፋ አለች። «ቼክ ኢንጂን» የሚሏት።

ግሡን ልብ በሉልኝ። ልጁ «ልየው» አላለም፤ «ልሥራልዎት»ም አላለም። «ላጥፋልዎት» ነው ያለው። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው በአንድ ግሥ ላይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ተደፍኖ ነበር መሰለኝ፣ «አጥፋልኝ የኔ ልጅ» አልኩት። የባትሪውን ገመድ ፈታ፣ ሻይ ጠጣን፣ መልሶ አሰረው። መብራቷ ጠፋች። ከፈልኩ። አንዳች ነገር የተሠራ ይመስል ተጨባብጠን ተለያየን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እታለምን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዣት ስሄድ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረን የጎሃ ጽዮንን ዳገት ስንያያዘው መብራቷ ተመለሰች። አሁን ግን ብልጭ ድርግም ትላለች። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ጉልበቷ ከዳት፣ የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ መጣ። ጥግ ይዘን ቆምን። እታለም ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በነጠላዋ ፀሐዩን እየተከላከለች፣ «አንተ፣ ይህቺ መብራት ቀድማ አልነገረችህም?» አለችኝ። «አሁን ገና ነው የበራችው» አልኳት። ዋሸሁ። የሐኪም ቀጠሮዋም በዚያው አለፈ።

እንግዲህ መብራቷ ማን ናት? አሜሪካ ከ1996 ሥሪት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዳዲስ አውቶሞቢሎች አንድ ዓይነት የምርመራ ሥርዓት እንዲኖራቸው ያስገደደችው ስለ አየር ብክለት ብላ ነው። ስለዚህ መብራቷ ከአሽከርካሪው ይልቅ ከኋላ ጭሱን ለሚተነፍሰው ሰው ጠበቃ ናት። ረግታ ስትበራ «ሳትዘገይ አስመርምረኝ» ማለቷ ነው። ብልጭ ድርግም ስትል ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር እያጋየው ነው። የእኔን የበላው ይኸው ነው።

ከመብራቷ ጀርባ ደግሞ ኮድ አለ። የእኔ ፒ0301 ነበር፤ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ሰነፍ አንባቢዎች አሉ። አንደኛው ደምሳሹ ነው። እሱ የሚያጠፋው መብራት ብቻ አይደለም፤ ብልሽቱ በተከሰተበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የሞተር ሙቀትና ዙርም አብሮ ይደመስሳል። ምስክር ማጥፋት ነው። ሁለተኛው ርዕሱን አይቶ መጽሐፉን ጨረስኩ እንደሚል ተማሪ ነው፤ ኮዱን እንዳየ ዕቃ ገዝቶ ይቀይራል። ኮድ ግን ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ካንዴላው ይሆን? ኮይሉ? ኢንጀክተሩ? በኋላ አዲስ አበባ ያገኘሁት መካኒክ አንዲት ዕቃ ሳያስገዛኝ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያየረና ሞተሩን አስነሣ። ኮዱ ወደ ፒ0302 ዞረ። ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ንባብ ክፍል ውስጥ ቢገጥመኝ ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር።

ባሕር ዳር ስመለስ ጣና ዳር ተቀምጬ ይህንኑ ሳስብ እምቦጭ ትዝ አለኝ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ወገቡ ውኃ ውስጥ ሆኖ ስንት ዓመት በእጁ ነቀለ! ድካሙን ማቃለሌ አይደለም፤ መነቀልም ነበረበት። ነገር ግን ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ከማሳ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽም ይቀልበዋል። አረንጓዴው ምንጣፍ በዘመቻ ሲጠራ ፎቶግራፍ ተነሥተን ወደ ቤታችን እንገባለን። ሐይቁም መብራት አብርቶ ነበር፤ እኛ በማጥፋቱ ላይ በረታን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ዘንድ ግን መደበቁ ራሱ ገበያ ሆኗል። ኮይሉ ቢቀየርም ኮንቨርተሩ ውድ ነውና መኪናዋን ልሸጣት ወሰንኩ። ደላላው መብራቷን ገና ሲያያት፣ «ጋሼ፣ አስጠፍተን እንሽጣት እንጂ፤ ገዢው በምን ያውቃል?» አለኝ። ያኔ አንድ ነገር ደረቴን ወጋኝ። እኔም ስገዛት ዳሽቦርዷ ጽዱ ነበር።

ገዢ ለሚሆን ወዳጄ ሁለት ነገር ላቀብል። ሞተሩን ከማስነሣትህ በፊት ቁልፉን ብቻ አዙር፤ መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል ብለህ ጠርጥር። ቀጥሎ በስካነር አስነብብ። ኮድ የለም ብለህ አትፈንድቅ፤ ኮምፒውተሩ የየራሱን ፍተሻ ጨርሷል ወይ ብለህ ጠይቅ። ኮድ ሲደመሰስ ወይም ባትሪ ሲነቀል ፍተሻዎቹ እንደገና ይጀምራሉ፤ ለመጨረስም የቀናት ጉዞ ይፈልጋሉ። «አልተጠናቀቀም» የሚሉት ከበዙ በቅርቡ የጠፋ ነገር አለ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጃችን ካሉት አሮጌዎች ጋር ገና ብዙ ዓመት እንኖራለን። ከእነሱ ጋር መኖር ማንበብ ይጠይቃል።

ኮሮላዬ መብራቷን እንዳበራች ተሸጠች። ለገዢው ሁሉንም ነገርኩት፤ ከዋጋዋም ብዙ ወረደልኝ ሳይሆን ወረደብኝ። ቅር አላለኝም። የቀረኝ አንድ ያልተነገረ ነገር ጎሃ ጽዮን ዳገት ላይ ለእታለም ያልኳት ነው። እሷ ደግሞ ይህን ዓምድ ሳታነብ አታልፍም።