ከ«ኑ» እስከ «አይገቡም»፦ መዝሙር 95ን እስከ መጨረሻው ስናነበው

መዝሙር 95ን አብዛኞቻችን ግማሹን በቃላችን እናውቀዋለን። እሑድ ጠዋት የአምልኮ መሪው ማይክሮፎኑን ይዞ ሲቆም፣ ኪቦርዱም ከኋላ ቀስ ብሎ ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ የሚነበበው እርሱ ነው። ንባቡ ከቁጥር 1 ተነሥቶ ስለ መሰማሪያውና ስለ በጎቹ እስከሚናገረው እስከ ቁጥር 7 ይደርሳል። እዚያ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱ ይዘጋል፤ ከበሮው ይገባል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቁጥሮች በአምልኮ መክፈቻ ላይ ሲነበቡ የሰማሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከቁጥር 7 መጨረሻ ጀምሮ መዝሙሩ ፊቱን ይለውጣል። ስለ ልብ መደንደን፣ ስለ ምድረ በዳ፣ ስለ 40 ዓመት ይናገርና በቁጣ መሐላ ያበቃል። ሕዝቡን ለደስታ ሊጠራ የቆመ ሰው ይህን ቢያነብ ድባቡን የሚያበላሽ ይመስለዋል።

መዝሙሩን የቆረጥን እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1662 የወጣው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ይህን መዝሙር በጠዋት ጸሎት ላይ ሙሉውን እንዲባል አድርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1789 ግን የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳውያን የራሳቸውን የጸሎት መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የመጨረሻውን ክፍል አወጡትና በቦታው ከመዝሙር 96 የተወሰዱ ቁጥሮችን ተኩ። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። እኛም የሚሰማንን ስፌት አይተዋል። አንዳንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንትም ሁለቱ ክፍሎች በመጀመሪያ የተለያዩ መዝሙሮች ሳይሆኑ አይቀሩም ብለዋል። ስፌቱ መኖሩን እኔም አልክድም። ጨርቁ ግን አንድ ነው እላለሁ፤ ሁለተኛውን ክፍል የሚቆርጥ ሰውም የመጀመሪያውን ደስታ ያሳንሰዋል እንጂ አያድነውም።

ከመጀመሪያው ቃል እንነሣ። «ኑ» ይላል። በሰፈራችን አንዲት እናት ቡና አፍልተው በር ላይ ቆመው «ኑ ቡና ጠጡ» ሲሉ፣ ሰው የሚጠሩት ቡናው ስለ በዛባቸው አይደለም። ለብቻ የተጠጣ ቡና ቡና ስለማይሆን ነው። መዝሙረኛውም እንደዚያ ነው። በልቡ ደስታ ሞልቶ ፈስሶ ለጎረቤት እየነገረ አይደለም፤ ደስታው ገና ሊጀመር ነው፤ የሚጀመረውም ሌሎች ሲመጡ ነው። በዕብራይስጡ ይህ የመጀመሪያው «ኑ» የመሄድ ግሥ ነው፤ «እንሂድ» እንደማለት። ጠሪው ውስጥ ተቀምጦ አይደለም የሚጣራው፤ እርሱም መንገድ ላይ ነው፤ ከተጠሪዎቹ ጋር ይጓዛል።

ቀጥሎ የሚመጣው እልልታ ነው። እልልታ ምን እንደሆነ ለእኛ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ልጅ ሲወለድ፣ ሙሽራ ስትገባ፣ አንዷ ስትጀምረው ሌሎቹ ይቀበሏታል፤ ለብቻዋ እልል ብላ የቀረች ሴት ግን ምን ነካት ትባላለች። የዕብራይስጡ ግሥ ደግሞ ከዚህም ይጠነክራል፤ ሕዝቡ የኢያሪኮን ቅጥር ዞሮ የጮኸውን ጩኸት የሚገልጸው ግሥ እርሱ ራሱ ነው። «እናንተ ልጆች ድምፅ አበዛችሁ» ለሚሉን አባቶች ይህን በትሕትና ማሳየት ይቻላል። ግን እስከ ቁጥር 11 አንብበን ከጨረስን በኋላ ቢሆን ይሻላል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ «እኔ» የሚል የለም። አንድም ቦታ የለም። ሁሉም ነገር «እኛ» ነው፤ እንዘምር፣ እንስገድ፣ አምላካችን፣ ፈጣሪያችን። በመዝሙሩ ውስጥ «እኔ» ብሎ የሚናገር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እግዚአብሔር ነው፤ የሚናገረውም በሁለተኛው ክፍል ነው። አባቶቻችሁ ፈተኑኝ፣ ሥራዬን አዩ፣ መንገዴን አላወቁም፣ ማልሁ የሚለው እርሱ ነው። «እኔ» የሚሉ መዝሙሮች በመጽሐፍ ቅዱስ ሞልተዋል፤ መዝሙር 23 አለ፣ መዝሙር 42 አለ፤ ያለ እነርሱ የሚያለቅስ ሰው ወዴት ይሄድ ነበር? ነገር ግን የወጣቶች ኅብረታችንን የመዝሙር ደብተር ከዳር እስከ ዳር ገልጬ ሳየው፣ ለጉባኤ ተብለው የተገጠሙት እንኳ አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ አንድ ሰው ልብ፣ ስለ አንድ ሰው ድል፣ ስለ አንድ ሰው ጠላት ነው። መቶ ሰው አንድ ላይ ሆኖ መቶ የግል መዝሙር ይዘምራል። ዜማው ስለገጠመ ብቻ አብረን የሆንን ይመስለናል።

የመጀመሪያው ክፍል ሌላም ውበት አለው፤ እጅ። የምድር ጥልቆች በእጁ ናቸው፤ የብስን የሠሩት እጆቹ ናቸው፤ ከዚያ ደግሞ እኛ የእጁ በጎች ነን። መዝሙረኛው ከተራራ ጫፍና ከባሕር አንሥቶ በአንድ ቃል ወደ መንጋው ያወርደናል። ተራራውን የያዘው እጅ ጠቦቱን ይዟል። የሚያስደንቀኝ ድምፁ የሚወርድበት መንገድ ነው። በጩኸት ይጀምራል፤ ወደ ምስጋና ይመጣል፤ በቁጥር 6 ይሰግዳል፣ ይንበረከካል፤ በቁጥር 7 ዝም ይላል፤ ምክንያቱም አሁን የሚፈለገው ድምፁን መስማት ነው። እስካሁን የተሰማው የሕዝቡ ድምፅ ነበር። ስለዚህ ስፌቱ ያለበት ቦታ ድንገተኛ አይደለም። የሚያጨበጭብ ሰው እጁን ያወርዳል፣ ይንበረከካል፣ ጆሮውን ይሰጣል። እኛ ግን «አምልኮ» የምንለው ዘፈኑን ብቻ ነው፤ ስብከቱ ሲጀመር «አምልኮው አለቀ» ብለን ስልካችንን እናወጣለን። መዝሙሩ በዚህ አይስማማም። በእርሱ ቤት አምልኮው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ጆሮ ሲከፈት ነው።

የተነገረው ነገርስ ምንድን ነው? መሪባና ማሳህ። ታሪኩ በዘፀአት 17 ነው፤ ሕዝቡ በራፊዲም ውኃ አጥቶ ከሙሴ ጋር ተጣላ፤ እግዚአብሔር በመካከላችን አለ ወይስ የለም ብሎ ጠየቀ፤ ሙሴ ዐለቱን መታ፤ ውኃ ወጣ። እዚህ ላይ የትርጉም ጉዳይ አለ። መዝሙሩ በዕብራይስጥ ገና በቁጥር 1 ላይ እግዚአብሔርን የመዳናችን ዐለት ብሎ ይጠራዋል። ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ግን ዐለቱን ትቶ «መድኃኒታችን» አለ፤ መሪባና ማሳህንም የቦታ ስም መሆናቸውን ትቶ ምሬትና ፈተና ብሎ ተረጎማቸው። ትርጉሙ ስሕተት አይደለም፤ መልእክቱ ይደርሳል። ነገር ግን በቁጥር 1 እና በቁጥር 8 መካከል ተዘርግቶ የነበረው ክር ተቆረጠ። በእጃችሁ ያሉትን መጽሐፍ ቅዱሶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ፤ አዲሱን መደበኛ ትርጉም የያዘ ሰው ዐለቱን በቦታው ያገኘዋል። ካገኘው በኋላ መዝሙሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያያል። እልል የሚባልለት ዐለት አለ፤ አባቶች ጠጥተው ያልረኩበት፣ ተጣልተው የቆሙበት ዐለትም አለ። ዘማሪዎቹና አጉረምራሚዎቹ የቆሙት አንድ ቦታ ላይ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ከራፊዲም 2 ምዕራፍ ወደ ኋላ ሂዱና ዘፀአት 15ን ክፈቱ። ባሕሩ ተከፍሏል፤ ሙሴና ሕዝቡ ይዘምራሉ፤ ማርያም ከበሮ ይዛለች፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ ተከትለዋታል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የጉባኤ ደስታ ብትፈልጉ ብዙ አታገኙም። ደስታው የውሸት አልነበረም፤ ሁሉም አብሮ ነበር፤ ምክንያቱም በዓይን የታየ ነበር። ከዚያ 3 ቀን ተጓዙ፤ ውኃው መራራ ሆነ፤ አጉረመረሙ። እንግዲህ ወደ ዕረፍት ያልገባው ትውልድ መዝሙር የማያውቅ ትውልድ አልነበረም። ከሁሉ አስበልጦ የዘመረው እርሱ ነው። መዝሙር 95 ማስጠንቀቂያውን ለዘማሪዎች የሚያነበው ለዚህ ነው። ከደጅ ውጭ ለቆሙት ቢሆን ኖሮ ሌላ ቦታ ይነበብ ነበር።

ወላጆቻችን ይህን መዝሙር በሌላ በኩል ነው ያወቁት። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አማኞች በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ይሰበሰቡ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ነበር። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ 7 ዓመት ታስሮ ሳለ መዝሙር መጻፉን አልተወም። በዚያ ዘመን ከመዝሙሩ የተከለከለው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ እልልታው። ሁለተኛውን ማንም ሊከለክላቸው አልቻለም፤ ዛሬ ድምፁን መስማትን። እግዚአብሔር በመካከላችን አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ በየሌሊቱ በራቸውን ያንኳኳ ነበር። ለእኛ ነገሩ ተገልብጧል። እልልታው በሙሉ ድምፅ ተፈቅዶልናል፤ የጎደለን ሁለተኛው ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከእኔ ጋር በመዘምራን ቡድን ቤዝ የሚዘምር አንድ ወንድም ነበር። ከኋላ ረድፍ፣ ከግድግዳው አጠገብ ይቆም ነበር። አንድ እሑድ ቀረ፤ ቀጥሎም ቀረ። እኛ መዘመራችንን ቀጠልን። ድምፅ ማጉያው ጥሩ ነበር፣ ኪቦርዱ ቤዙን ይሞላው ነበር፤ ድምፁ ስላልጎደለ ሰውየው የጎደለ አልመሰለንም። ሁለት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ እኔው ደወልኩለት፤ የደወልኩትም የደንብ ልብሱን እንዲመልስ ተጠይቄ ነው። «ማንም እኮ ና አላለኝም» አለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ቀላል ነገር ነበር የተናገረው። በእነዚያ ሁለት ወራት ውስጥ ይህን መዝሙር ስንት ጊዜ አንብበን እንደጀመርን አሰብኩ። «ኑ» የሚለውን ቃል በማይክሮፎን ለጣሪያው ስንናገር ኖረናል።

የዕብራውያን መልእክት ጸሐፊ ከዚህ መዝሙር ለምዕራፍ 3 እና 4 የመረጠው እኛ የምንቆርጠውን ክፍል ነው። «ዛሬ» የምትለዋን ቃል ይዞ ደጋግሞ ያገላብጣታል። የሚደንቀው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው አለመስጠቱ ነው። አማኞች በየዕለቱ አንዱ ሌላውን እንዲያበረታ ያዛል፤ ከመካከላቸው የአንዱ እንኳ ልብ እንዳይደነድን። የመጀመሪያው ክፍል «እኛ» የሚለውን ቃል ለደስታ ከተጠቀመበት፣ እርሱ ለጥንቃቄ ተጠቀመበት። አብሮ እልል ያለ ሰው አብሮ ይሰማል፤ የጎደለውንም ቆጥሮ ይፈልጋል። እንዲህ ሲነበብ ሁለተኛው ክፍል ደስታን የሚያጠፋ ውኃ አይመስለኝም። በመጨረሻው ረድፍ ከግድግዳው አጠገብ ለሚቆመው ሰው የሚጨነቅ ደስታ ከእኛው ደስታ ይጠልቃል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። በቁጥር 6 ላይ ያለው ሁለተኛው ጥሪ በትርጉሞቻችን ብዙ ጊዜ እንደ መጀመሪያው «ኑ» ተብሎ ይነበባል፤ በዕብራይስጡ ግን ሌላ ግሥ ነው፤ የመግባት ግሥ። ጉዞው ደጁ ላይ ደርሷል፤ «ግቡ» ይላል፤ ግቡና እንስገድ። ይኸው ግሥ በመዝሙሩ መጨረሻ፣ በቁጥር 11፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ወደ ዕረፍቴ አይገቡም በሚለው መሐላ ውስጥ። በአንድ መዝሙር ውስጥ አንዱ ግሥ አንዴ ደጁን ይከፍታል፣ አንዴ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሃሌ ሉያ የለም፣ ምስጋና የለም፣ ወደ መጀመሪያው ደስታ መመለስም የለም። መዝሙረኛው በሩ ላይ ትቶን ይሄዳል፤ መዝሙር 96ም ወዲያው አዲስ ዝማሬ ይጀምራል።