ሳጥን ሆኖ የሚታይ ፊደል

በጨንቻም ሆነ ቁልቁል በአርባ ምንጭ በኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ የሚተዳደር ባለሙያ አዘውትሮ የሚገጥመው፣ ደንበኛው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ የሚያመጣው፣ ሲመረመር ግን አንዲት ፊደል እንኳ ያልጠፋችበት ጽሑፍ ነው። ሙያው የሚለካውም የብልሽቱን መልክ አይቶ መንስኤውን በመለየት ነው፤ መንስኤው ከታወቀ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃዎች አይፈጅም።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው የፊደሉን ሥዕል ሳይሆን ለፊደሉ የተሰጠውን ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሮቹን ለዓለም ጽሕፈቶች የሚያድለው ስምምነት ዩኒኮድ ይባላል፤ ቁጥሩን ተቀብሎ ቅርጹን በስክሪን ላይ የሚስለው ደግሞ ፎንት ነው። ባዶ ሳጥን ሲታይ ቁጥሩ በሰላም ደርሷል፣ የጎደለው ቅርጹን የያዘ ፎንት ነው፤ ስለዚህ ጽሑፉን እንደገና መተየብ ከንቱ ድካም ነው (በገጽ የሚከፈለው ጸሐፊ ይህን ለደንበኛው ለመንገር ባይቸኩልም)።

በጋሞ ምድር ይህ ችግር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም 345 የኢትዮፒክ ምልክቶችን ሲያካትት አማርኛና ትግርኛ የሚያስፈልጓቸውን ፊደላት አገኙ፤ ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ድምፆች የተቀረጹት 32 ተጨማሪ ፊደላት ግን እስከ 2010ው የ6.0 እትም ድረስ ቁጥር አልነበራቸውም። በዚህም የተነሳ አማርኛን ያለ እንከን የሚያሳይ አሮጌ ስልክ፣ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የጋሞ ቋንቋ ጽሑፍ ሲከፈትበት በቃሉ መካከል ሳጥን ሊያስገባ ይችላል፤ አንባቢውም ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ይጥላል። መፍትሔው የጉግል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልን ከአዘጋጆቻቸው ድረ ገጽ በነፃ አውርዶ መጫን ነው። ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ደግሞ ፎንቱ ከገጹ ጋር አብሮ እንዲጫን ቢያደርግ ይበልጣል፤ ስልክ ላይ ፎንት መጫን ለብዙው አንባቢ የማይሞከር ነገር ነውና።

በሳጥን ፋንታ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያለብሱ ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ጽሑፉ ልብሱን አውልቆ ይቀርባል። እዚህ አሮጌውን ፎንት መጫን ለማንበብ ብቻ ይረዳል፤ ጽሑፉን ለሌላ ለመላክ ወይም በኢንተርኔት ለማውጣት በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር፣ ከዚያም በተለይ ሥርዓተ ነጥቡን በዓይን ማረም ያስፈልጋል።

በዚህ ሁሉ የተሰላቸ ሰው ጽሑፉን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይለጥፋል፤ ይህ ግን ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የድረ ገጽ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ 2,000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 6 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የዚያው ጽሑፍ ፎቶ በቀላሉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ዳታ ገዝቶ የሚያነብ ሰውም ልዩነቱን ይከፍላል። ጋቢና ነጠላ የሚሸጥ የዶርዜ ሸማኔ መጠኑንና ዋጋውን በሥዕል ላይ ብቻ ካሰፈረ፣ ቃሉን ተይቦ የሚፈልግ ገዢ ላያገኘው ይችላል፤ ለዓይነ ስውራን ድምፅ እያሰማ የሚያነብ ፕሮግራምም ሥዕሉን ለማንበብ ይቸገራል።

ጽሑፍ ሆኖ የወጣውም ቢሆን ተፈልጎ የሚገኘው ፈላጊው በሚጽፍበት መልክ ሲጻፍ ነው። «አርባ ምንጭ» እና «አርባምንጭ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» ለሰው አንድ ቢሆኑም ለማሽን የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ስለዚህ በርዕሱ ላይ ትክክለኛውን አጻጻፍ አኑሮ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ ማስገባት አያስነውርም። በአራት ነጥብ ፋንታ ሁለት የላቲን ኮለን መደርደር ግን የሚያስነውር ልማድ ነው፤ በ«ፈልግና ተካ» ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይታረማል።

የአጭር መልእክት ስሌትም መታወቅ አለበት፤ በላቲን 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፣ ምንም እንኳ አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚሸከም ኪሳራው ቁጥሩን ያህል ባይሆንም።

ፎንት ለአንባቢ እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለጸሐፊ የፊደል ገበታ ያስፈልገዋል። ኪማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለኮምፒውተርም ለስልክም ይሠራል፤ ፕሮግራም መጫን በማይፈቀድበት የኢንተርኔት ቤት ደግሞ የኪማንን ድረ ገጽ ከፍቶ እዚያው መተየብና ጽሑፉን ቀድቶ ወደሚፈለገው ቦታ መለጠፍ ይቻላል።