በልኩ ተከፍቶ በልኩ የሚዘጋ

አጥንቱ የእጅ መዳፍ ያህላል። ከራስ ቅል ተቆርጦ ወጥቷል፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሆኖ የመመለሻ ሰዓቱን ይጠብቃል። ጠርዙ ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ ዘንበል ያለ ነው። የውጩ ገጽ ከውስጡ በጥቂቱ ይሰፋል። ስለዚህ ሲመለስ እንደ ድስት ክዳን ቦታው ላይ ያርፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰምጥም።

ይህን ጠርዝ የሚያወጣው የጂሊ መጋዝ ነው፤ ጫፍና ጫፉ መያዣ ያለው፣ የተገመደ ሻካራ ሽቦ። ጣሊያናዊው የማህፀን ሐኪም ሊዮናርዶ ጂሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠራው ለአስቸጋሪ ወሊድ ነበር። ራስ ቅል ለመክፈት ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ አስቀድሞ አጥንቱን ጥቂት ቦታ ላይ ይበሳል። ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው፣ በአጥንቱ ሥር፣ ቀጭን የብረት መምሪያ ያሳልፋል። መምሪያው ዱራ የተባለውን ጠንካራ የአንጎል ሽፋን ከመጋዙ ይጋርዳል። ከዚያ ሽቦውን ግራና ቀኝ ይስባል። በሞተር የሚሠራ መቁረጫ ካለ ሥራው ይፈጥናል፤ ከሌለ በእጅ ይጨረሳል።

አጥንቱ ከተነሳ በኋላ ከሚወጡት ዕጢዎች አንዱ ሜኒንጂዮማ ይባላል፤ የሚነሳው ከአንጎል ሽፋን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ቀስ እያለ ያድጋል፣ አንጎልን እየገፋ። ጀማሪ እጅ ሙሉውን ይዞ መጎተት ያምረዋል። የለመደ እጅ ግን መጀመሪያ የዕጢውን ሆድ ባዶ ያደርጋል። ቅርፊቱ ሲላላ ወደ ባዶው መሀል ያጥፈዋል። እንዲህ ሲሆን የሚሰበሰበው ዕጢው ነው፤ አንጎሉ አይጎተትም። በሁለቱ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ሽፋን አለ። ሐኪሙ ያንን ድንበር ሳይለቅ ይሄዳል፤ ያለፈበትን በእርጥብ የጥጥ ቁራጭ ይሸፍናል። እያንዳንዱ ጥጥ ረዥም ክር አለው። ክሩ ከቁስሉ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ከመዘጋቱ በፊት አንድ በአንድ ይቆጠራል። የሚደማው በባይፖላር ይተኮሳል። ባይፖላር ወረንጦ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከጫፍ ወደ ጫፍ ብቻ ስለሚያልፍ ሙቀቱ ብዙም ወደ ጎን አይዛመትም። መጨረሻ ላይ ዱራው ፈሳሽ እንዳያሳልፍ ሆኖ ይሰፋል፤ አጥንቱም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ከአዲስ አበባው ጎፋ ማዞሪያ ለሚነሳ ታካሚ ይህ ሙያ ሩቅ አይደለም፤ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይደርሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የተጀመረው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር። ቀድሞ ሙያውን የፈለገ ሐኪም ባሕር ማዶ ሄዶ ይማር ነበር። ክኑት ቬስተርና ሞርተን ሉንድ-ዮሃንሰንን የመሳሰሉ የበርገን መምህራን ግን ወደዚህ መጥተው ከሠልጣኞች ጎን ቆሙ። ሥልጠናው አምስት ዓመት ይፈጃል። ሠልጣኙ የሚጀምረው ቆዳ ከመክፈትና ከመዝጋት ነው፤ ወደ ጥልቁ የሚገባው ቆይቶ ነው። ከተመረቁት መካከል ዛሬ የሚያስተምሩ አሉ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ቀዶ ሐኪም ሌላም ሥራ አለበት፤ የሠራውን ይመዘግባል፣ ይቆጥራል። ጸጋዘአብ ላዕከ፣ ሐጎስ ቢሉጽና አብዲ ሳህሉ የተባሉ ሐኪሞች የ125 የሜኒንጂዮማ ታካሚዎችን መዝገብ መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ዕጢው ምን ያህል እንደወጣ መለኪያ አለው። ዶናልድ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1957 አምስት ደረጃ አውጥቷል። ዕጢው፣ የተተከለበት ዱራና የተነካው አጥንት ሁሉ ከወጣ 1 ነው፤ ዕጢው በከፊል ከቀረ 4። ደረጃውን የሚጽፈው ራሱ ቀዶ ሐኪሙ ነው።

ዕጢው ትልቅ የደም ሥር ላይ ከተጣበቀ፣ ሁሉንም ልንቀል ማለት ታካሚውን ሊገድል ይችላል። ቁራጩን እዚያው ትቶ፣ መዝገቡ ላይ 4 ብሎ የሚጽፍ እጅ እርሱ የባለሙያ እጅ ነው።